መሐል ሜዳ ላይ አልጋ መያዝ

አርብ፣ ንጋት

ጎህ ሳይቀድ መገናኛ ተሰባስበናል። በአንድ ትምህርት ቤት የምናስተምር፣ በዓመት አንዴ ከጠመኔ ብናኝ የምንሸሽ አሥራ ሁለት መምህራን ነን። ዘንድሮ መንዝ ይሁን ያለው የመሐል ሜዳ ከተማው ልጅ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ ወርቁ ነው። እኔ ብርድ ስለማልወድ ሐዋሳ ብዬ ተከራክሬ በድምፅ ብልጫ ተሸንፌአለሁ። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ አኩርፌ፣ ከሹፌራችን ከስንታየሁ ኋላ ተቀምጫለሁ።

ወርቁ የሚሄደው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። ሴት ልጁ ልትዳር ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። ቤተሰቡ ሁሉ «እታለም» ይላቸዋል። ሙሽራዋ «እታለም መጥተው ካልመረቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላለች። እንዲህ ያለ ጥሪ በስልክ አይሆንምና በአካል ሊጠራቸው ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የጾም ፍርፍር በልተን፣ ሻይ ደጋግመን ጣርማ በር ደረስን። ጉም መኪናችንን ዋጠው። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞና በሞላሌ አድርገን ስንወጣ ጉሙ ለቀቀን፤ የድንጋይ ቤቶች፣ ቢጫ የመታ የገብስ ማሳ፣ የአጥር ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቁ በርኖስ የለበሱ ሽማግሌዎች። ሳልወድ በግድ ኩርፊያዬን ረሳሁ።

አርብ፣ ከሰዓት

ሆቴላችን የመሐል ሜዳ እምብርት ላይ ነው። ፊት ለፊቱ መናኸሪያ፣ ከጎኑ ገበያ። በደርግ ጊዜ መሠራቱን ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ሮዝ የሳቲን መጋረጃ፣ መሐሉ የጎደጎደ የሽቦ አልጋ፣ የውሃ ማጠራቀሚያ የሆነ የገላ መታጠቢያ ገንዳ። ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለው እንጨት ማማሰያ ያክላል።

«ሙቅ ውሃ አለ?» አልኳት እንግዳ ተቀባይዋን።

«አለ፣ በባልዲ» አለችኝ፤ ፈገግም አላለችም።

ቦታው መሐል መሆኑ ግን ጉድ ሠራን። ወርቁ ሻንጣውን ከመኪናው ጣሪያ ሲያወርድ መናኸሪያው ሙሉ አየው። አንድ የልጅነት ጓደኛው እየሮጠ መጥቶ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙና «የት አረፍክ?» አለው። ወርቁ በአገጩ ወደ ሆቴሉ ጠቆመ። ሰውዬው መሬት መሬት አየና «አይ...» ብሎ ሄደ።

ሻይ እንኳ ሳንጠጣ አብሬው ወደ አክስቱ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ቅርብ። በሩ ተዘግቷል። ወርቁ «እታለም! እኔ ነኝ፣ ወርቁ!» ብሎ ተጣራ።

ከውስጥ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አስካለ የለችም በሉት!» የሚል መጣ።

«እታለም፣ ድምፅዎ እኮ ነው።»

«ወርቁ እዚህ አገር ዘመድ የለውም! ዘመድ ቢኖረው አልጋ ይይዝ ነበር?»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ የወርቁን ፊት ሳይ ዋጥኩት። እዚህ አገር ዘመድ እያለ አልጋ መያዝ ማለት፣ የዘመዴ ቤት አያሳድርም ብሎ በገበያ ማወጅ ነው። «ይህን ሁሉ ሰው ይዤ ላስቸግራቸው?» ይለኛል ስንመለስ። «ለእሳቸው አስቤ እኮ ነው!» ካርታ ላይ አንድ ወንዝ የማይስት ሰው ይህን እንዴት እንደሳተ እኔም አልገባኝም።

ቅዳሜ

ጠዋት ጓሳ ተራራ ወጣን። ውርጩ ከሣሩ ላይ አልተነሣም፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ መንጋ መንጋ ሆነው ሥር እየነቀሉ ይበላሉ፣ እኛን ከቁብ አልቆጠሩንም። ሁሉም ፎቶ ሲያነሣ ወርቁ ገደሉን ያያል። ያን ሁሉ ውበት አንድም አላየውም።

ከሰዓት ሦስታችን ሽማግሌ ሆነን ተላክን፤ የሁላችን ታላቅ የሆኑት ጋሽ ተሾመ፣ አንድ የሒሳብ መምህርና እኔ። እኔ የተጨመርኩት ሴት ካለችበት አክስቱ ይራራሉ ተብሎ ነው። ወይዘሮ አስካለ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልን። ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። የሱፍ ባና አነጠፉልን። እኛ ግን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን።

«ቁጭ በሉ እንጂ፣ ብርዱ ሊገላችሁ ነው! እናንተን አልተቀየምኩም፤ እናንተ እንግዳ ናችሁ» አሉ። «እሱ ግን ይመጣል ብዬ ኮረፌ ጠምቄ፣ ሊጥ አቡክቼ እበር ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። ጎረቤት ‹ወርቁ መጣልሽ ወይ› ሲለኝ ምን ልበል? እመናኸሪያ ነው ያለ ልበል?»

«እንዳያስቸግርዎት ብሎ ነው» አሉ ጋሽ ተሾመ።

«ማን ይህን አስተማረው? ትኩሳት ሲይዘው አዝዬው ሳድር፣ አስቸገርከኝ ብዬዋለሁ? ዛሬ ነው የማያስቸግር ጨዋ የሆነው?» ድምፃቸው ተሰበረ። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ጋሽ ተሾመ ስለ ሠርጉ ጀመሩ። ሴትየዋ አስቆሟቸው። «መልሴን ነገ እኔው አመጣለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ አስቀመጡን፣ ኮረፌውንም አጠጡን።

ይህን ስንነግረው ወርቁ ያኔውኑ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤታቸው ሊሄድ ተነሥቶ ነበር። ጋሽ ተሾመ «ሽማግሌ ልከህ፣ መልስ ሳይመጣ አትሄድም» ብለው ከለከሉት። የእራቱ የበግ ጥብስ ለጉድ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ጉርሻ አልቀመሰም።

እሁድ፣ ጠዋት

ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን፣ ሻንጣ ጭነን፣ ስንታየሁ ሞተር ሲያሞቅ ወይዘሮ አስካለ መጡ። አዲስ ቀሚስ ለብሰዋል። ጎረምሳ የልጅ ልጃቸው የተጠቀለለ ባና እና አንድ ቋጠሮ ተሸክሞ ይከተላቸዋል። ወርቁ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ሸሹት። «የተኛህበትን አሳየኝ» አሉ።

ደረጃውን ወጡ። እኛም ተግተልትለን ተከተልን። አልጋውን በመዳፋቸው ተጫኑት፤ ሽቦው ጮኸ።

«ወገብህን አላመመህም?»

«አሞኛል፣ እታለም።»

«እሰይ!» አሉና ወረዱ።

ማንንም ሳይጠይቁ ሚኒባሱ ውስጥ ገብተው የወርቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ባናውንና ቋጠሮውንም አስገቡ። ወርቁ ሻንጣ ላይ ቁጢጥ አለ። ስንታየሁ በመስታወት አየኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ? ነዳ።

ጣርማ በር ስንቃረብ ወርቁ ፈራ ተባ እያለ፣ «እታለም፣ መምጣትዎ ደስ ብሎኛል። ግን ሠርጉ እኮ ጥር ነው። አሁን ገና ጥቅምት ነው» አላቸው።

«አውቃለሁ።»

«እ... እሺ።»

«ጠዋት ገንፎ ነው የምበላው፣ ትኩሱን። በውድቅት ተነሥቼ እጸልያለሁ፣ ጮክ ብዬ ነው። ፎቅ ስወጣ ትደግፈኛለህ። ቤትህ ጠባብ ነው ይላሉ፤ ይጥበብ። ዘመድ እንዴት እንደሚያስቸግር አሳይሃለሁ።»

ወርቁ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። «ያስቸግሩኝ፣ እታለም» አለ።

«ምን አልክ? ሰዎቹም ይስሙ!»

«ያስቸግሩኝ!»

ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ራሱ ላይ ያሳረፉት። አዲስ አበባ እስክንገባ አላነሡትም።