የአባግዕ ማስታወቂያ

ደባርቅ በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ጣቢያ በዜና አንባቢነት የተቀጠርኩ ዕለት፣ ዋና አዘጋጁ የጻፍኩትን የመጀመሪያ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አቅልቶ መለሰልኝ። እዚህ መኩሪያ እለዋለሁ፤ ትክክለኛ ስሙ አይደለም። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ስጽፍ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

«ይህ ቃል ምስክር አለው?» አለኝ።

«የምን ምስክር?»

«የመጽሐፍ ነዋ። በየትኛው የጥንት መጽሐፍ አገኘሽው? የደባት ገበያ ቃል እዚህ አይነበብም።»

ደባት አስተማሪ ነበርኩ። የለቀቅኩትን ቦታ ሌላ ሰው ይዞታል። ውሌ የሚታደሰው ደግሞ በእሱ ፊርማ ነው። ቃሉን ሰርዤ ሌላ ጻፍኩ።

ሻይ ሰዓት ላይ ስለ ግሪኮች ያወራልን ነበር። በሮማውያን ዘመን የነበሩ የግሪክ ሊቃውንት፣ ከእነሱ ብዙ መቶ ዓመት ቀድመው የኖሩ የአቴና ጸሐፊዎች ያልጻፉትን ቃል አንቀበልም ይሉ ነበር። ይህን አትበል፣ ይህን በል የሚል መጽሐፍ ሁሉ አዘጋጅተዋል። መኩሪያ ይህን ሲተርክ አብሯቸው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ይህን ሁሉ ያነበበበትን መጽሐፍ ያውሱኝ ብዬ ለመንኩት። እሱ ያነበበው እስከ ግማሹ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ እጅ አልነካውም። እዚያ ሊቃውንቱ የትኛው የጥንት ጸሐፊ ለምስክርነት ይበቃል በሚለው ሳይስማሙ እርስ በርስ ይዘላለፋሉ። ከእነሱው ዘመን አንድ ግሪካዊ ሐኪም ደግሞ፣ እኔ የምጽፈው ሰው እንዲገባው ነው እያለ ይሟገታቸዋል። መጽሐፉን ስመልስ ይህንኑ ነገርኩት።

«አንቺ ደግሞ ግሪክ ሆነሽ መጣሽብኝ» አለና ቢሮውን ሁሉ አሳቀብኝ።

አንድ ሰኞ የእንስሳት ሐኪሙ መጣ። ጃናሞራ የበግ ፈንጣጣ ገብቷል። ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ተይዞ ሐሙስ ጠዋት እዚያው ገበያ ሜዳ ይደርሳል፤ ከተከፈተ አያድርም።

«በጎቹ ካልመጡ መድኃኒቱንም በጎቹንም እናጣለን» አለኝ።

«ሐሙስ ጠዋት በጎቻችሁን ገበያው ሜዳ አምጡ፤ መርፌ ይወጋሉ» ብዬ ጻፍኩ። መኩሪያ ሰረዘው። በጎቹን በግእዝ አባግዕ፣ ጠዋቱን ነግህ፣ ገበያውን ምሥያጥ አድርጎ፣ «አባግዕን በዕለተ ሐሙስ በነግህ ወደ ምሥያጡ ታቀርቡ ዘንድ ተነግሯል» ብሎ ጻፈ።

«አቶ መኩሪያ፣ ባለበጉ ይህ ይገባዋል?»

«ካልገባው ይማር።»

«እስከ ሐሙስ?»

«አንዲት ቃል ብትለውጪ ውልሽ አይታደስም።»

ስቱዲዮ ገባሁ። ቀዩ መብራት በራ። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ያየኛል። የጻፈውን አንድም ቃል ሳልለውጥ አነበብኩ። ከዚያ፣ ቤተ ክርስቲያን ግእዙ ከተነበበ በኋላ እንደሚደረገው፣ «ትርጓሜው» አልኩና የራሴን አስከተልኩ። በጎቻችሁን አምጡ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ገበያው ሜዳ፣ መርፌ ነው።

«ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ ስወጣ።

«ቃልዎን አልለወጥኩም። ንባቡ ተነበበ፣ ትርጓሜው ተከተለ። የቄስ ልጅ ነዎት፣ ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

ቴክኒሺያኑ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። መኩሪያ ሳቁን ሰምቷል። የእኔ ነገር ያኔውኑ አለቀ።

ሰው ካልመጣ ጥፋቱ የማን እንደሚባል አውቃለሁ። ማክሰኞና ረቡዕ ስልክ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሐኪሙ ደወለ።

«እትዬ፣ ሜዳው በበግ ተሞልቷል። ከሩቁ አምቢኮ ሳይቀር መጥተዋል። አንዲት እናት ምን አሉኝ መሰለዎት? ‹የፊተኛውን ቄሱ ይስሙት፣ የኋለኛው ለኔ ነው›።»

የሬዲዮው ዋና መሥሪያ ቤት ከሐኪሙ ሰምቶ ጣቢያውን አመሰገነ። ምስጋናውን የተቀበለው መኩሪያ ነው። ወሩ ሲያልቅ ውሌ አልታደሰም። ዛሪማ ወርጄ እንደገና ማስተማር ጀመርኩ።

በዓመቱ ጎንደር ለአስተማሪዎችና ለሬዲዮ ሠራተኞች በተደረገ ሥልጠና ላይ መኩሪያ ስለ ንባብና ትርጓሜ ንግግር አደረገ። እኔ ራሴ ያገኘሁት ዘዴ ነው አለ። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አይቶኛል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቀና ብሎ ወደ እኔ አላየም።

ሬዲዮ ለምትሠሩት የምለው ይህን ነው። ማስታወቂያ የሚጻፈው ባለበጉ በጉን ይዞ እንዲመጣ ነው። ለዚህ የማይረዳውን ቃል አውጡት። ስታወጡት አለቃችሁ እንደማይወድላችሁም አስቀድማችሁ እወቁ።