የቁርበት ፍሬን

ባለፈው እሑድ ጠዋት የብስክሌት ውድድር በሱቄ ደጃፍ አለፈ። ከአዲስ አበባ ተነስተው፣ ቢሾፍቱን አቋርጠው አዳማ የሚገቡ፣ ልብሳቸው ገላቸው ላይ የተሰፋ የሚመስል ጎረምሶች ናቸው። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ቀድማ እየሄደች «ፕሮፌሽናሎቹ ደረሱ!» ትላለች። ጎረቤቴን የጫማ ነጋዴውን፣ ፕሮፌሽናል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ብስክሌት ስለነዳ ደሞዝ የሚከፈለው ማለት ነው፣ አባባ።»

እንግዲያው እኔም ነበርኩ፣ አልኩ በልቤ። ያውም ጣሊያን ሳይመጣ፤ ያውም ያለ ጭብጨባ።

ፖሊሶች ፊሽካ እየነፉ፣ ገመድ ወጥረው መንገዱን ዘግተዋል። አንዲት ሴት ዘምቢል አንጠልጥላ ከሰው መሃል ወጣችና ወደ ማዶ ለመሻገር ገመዱን ከፍ አደረገች። የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በየቀኑ በሱቄ በር ስለምታልፍ አውቃታለሁ። «ወንድሜ፣ ሰዓት አለፈብኝ፤ ያባርሩኛል» ትላለች። አንድ ወጣት ፖሊስ ዘምቢሏን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተ። እሷም ጎተተች። ሰዉ እንደ ልማዱ የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

አንድ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። የዚያን ቃል ዋጋ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ትምህርት ቤትማ በበሩም አላለፍኩ። ያስተማረኝ ብስክሌት ነው።

ያኔ አዳማ ባቡር ጣቢያዋን ተደግፋ የቆመች ትንሽ ከተማ ነበረች። ከጣቢያው ጀርባ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ዳቦ ይጋግር ነበር። ወለንጪቲ ደግሞ ዳቦ የለመዱ የጣቢያ ሠራተኞችና ባለሱቆች አሉ፤ ባቡሩ ግን በየቀኑ አይሄድም። ሙሴ ያኒ ከጅቡቲ ያስመጣት አንዲት ጥቁር ብስክሌት ነበረችው። እሱ ራሱ ሆዱ ከመሪው ጋር ስለተጣላ ሊነዳት አልቻለም። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን፣ ሥራ ፈትና ቀጭን የነበርኩትን እኔን ቀጠረኝ። ጠዋት ዳቦ ይዤ ወደ ወለንጪቲ፣ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤና ባዶ ቅርጫት ይዤ ወደ አዳማ። በየቀኑ።

የዚያ መንገድ ነገር እስከ ዛሬ በአፍንጫዬ አለ። ትኩሱ ዳቦ ጀርባዬን እያሞቀኝ ስወጣ፣ ወተት በቅል የተሸከሙ ሴቶች ወደ ከተማ ሲገቡ አገኛለሁ። «አካም ቡልታን?» እላለሁ፤ እንዴት አደራችሁ ነው። «ናጋ!» ይሉና ብስክሌቷን እያዩ «ፈርዳ ሲቢላ» ብለው ይስቃሉ፤ የብረት ፈረስ ማለታቸው ነው። በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት ቁርጭምጭሚት ድረስ ይውጣል። የግራር እሾህ ደግሞ ጎማ ይወዳል። የውስጡ ጎማ ሲፈነዳ ሣር አጭጄ ጠቅጥቄበት እነዳ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ብስክሌቷ የበላች ላም ትመስላለች፤ ግን ትሄዳለች።

ችግሩ መሄድ አልነበረም፤ መቆም ነበር። የፍሬኗ ላስቲክ ተበልቶ አለቀ። ሙሴ ያኒ ከጅቡቲ አዘዝኩ ይላል፤ ላስቲኩ ግን የሚመጣው በእግሩ ነበር መሰለኝ። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ፋቂ ዘንድ ሄድኩና የበሬ ቁርበት አስቆርጬ በላስቲኩ ቦታ አሰፋሁ። ቁርበቱ ሽቦ እንደሚጨብጥ ጉጠት ቸርኬውን ይይዛል። ሙሴ ያኒ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ዝናብ ሲመጣስ?» አለኝ። «ዝናብ ሲመጣ ያኔ እናያለን» አልኩት። ወሩ የካቲት ነበር፤ ሰማዩ ደግሞ እንደ ምጣድ።

ወደ ቃሉ ልምጣ። በዚያ ሰሞን ወለንጪቲ ገበያ ላይ አንድ ጠመንጃ ያነገተ ወታደር ከቅርጫቴ ሁለት ዳቦ አንስቶ ዝም ብሎ መንገዱን ቀጠለ። እሱ ጠመንጃ አለው፤ እኔ ያለኝ ቅርጫት ነው። «በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውየው እግሩን እንዳነሳ ቀረ። በሕግ አምላክ የተባለ ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ካለበት አይነቃነቅም፤ ከተነቃነቀ ጥፋቱ እጥፍ ነው። ዞር ብሎ አየኝ፣ ገበያተኛውን አየ፣ ዳቦዎቹን መለሰ። አንዱን ነክሶት ነበር፤ ለዚያ አልከሰስኩትም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ የበልግ የመጀመሪያው ዝናብ ሌሊቱን ዘነበ። ጠዋት ካፊያው ገና ሳያባራ ዳቦውን በሸራ ሸፍኜ ወጣሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱን ስጀምር ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ምንም። እንደገና ጨበጥኩ፤ ርጥቡ ቁርበት ቅቤ የተቀባ ይመስል ይንሸራተታል። ቀና ስል ከታች የአካባቢው ምስለኔ፣ የገዢው እንደራሴ ማለት ነው፣ በቅሎአቸው ላይ ተቀምጠው፣ አሽከሮቻቸውን አስከትለው ሽቅብ ይመጣሉ።

በዚያ ዘመን ጌታ ሲያልፍ ከበቅሎ የሚወርድ ይወርዳል፣ እግረኛም ጥግ ይይዛል። እኔ እንኳን ልወርድ፣ ማልቀስም አልቻልኩ። አንዱ አሽከር «ውረድ!» አለ። ሌላው «ቁም!» አለ። በመጨረሻ ምስለኔው ራሳቸው እጃቸውን ዘርግተው «በሕግ አምላክ! ቁም!» አሉ።

በአጠገባቸው እንደ ጥይት አለፍኩ። በቅሎዋ ደነበረች፤ ምስለኔው ከነካባቸው ጭቃው ላይ ተቀመጡ።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ አሸዋ አለ፤ እዚያ ጎማዬ ሰጠመና ቆምኩ። ዞሬ አየሁ። ጩኸት እንጂ የሚደርስብኝ የለም። በቅሎም ሆነ አሽከር አይደርስብኝም፤ ሜዳው ከፊቴ ተዘርግቷል። አንዱን እግሬን ፔዳሉ ላይ አደረግሁ። ያን ጊዜ ያ ወታደር ትዝ አለኝ፤ እግሩን እንዳነሳ የቀረው። እሱ ጠመንጃ ይዞ ለእኔ ቃል ቆመ። እኔ ዛሬ ለዚህ ቃል ካልቆምኩ፣ ነገ ገበያ ላይ ስጮህ ማን ይቆምልኛል? ነጋዴ ሰው የራሱን ሚዛን አይሰብርም። ብስክሌቷን እየገፋሁ ቁልቁለቱን ሽቅብ ተመለስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ዳገት የከበደኝ የለም።

ምስለኔው ካባቸውን እያራገፉ ጠበቁኝ።

«መጣህ?»

«መጣሁ፣ ጌታዬ። ቁም ስባል መቆም አቅቶኝ ነው እንጂ አልናቅሁም።»

«እንኳን መጣህ። ይህቺ የብረት ጋለሞታ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ግቢ ትታሰራለች። አንተም በዚህ መንገድ በእግርህ እንጂ በጎማ አትሄድም።»

እንግዲህ ሥራዬም፣ እንጀራዬም፣ ጠዋት ጠዋት የምበርበት መንገድም በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። ፍርሃቴ ሲበዛ አፌ ይፈታል፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ነኝ።

«ጌታዬ፣ ከሳሹም ዳኛውም እርስዎ ከሆኑ የእኔ መመለስ ለምን አስፈለገ? ዳኛ ይቀመጥልኝ።»

አሽከሮቹ ወደ እኔ ተራመዱ። ምስለኔው ግን ሕግ አዋቂ ነበሩ፤ በሕግ አምላክ ብለው የጠሩት ሰው ዳኛ ሲል እምቢ ማለት እንደማያምርባቸው ያውቃሉ። «ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የሚያልፍ መንገደኛ ይፍረድ» አሉ። በደንቡ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላ ጫፍ ይቆራኛሉ፤ ፍርድ እስኪሰጥ አይፈቱም። ጌታ ከዳቦ ተሸካሚ ጋር አይቋጠርምና፣ በእርሳቸው ፈንታ ደግፌ የሚባል ግዙፍ አሽከራቸው ከእኔ ጋር ተቋጠረ።

ብዙም ሳንቆይ ጨው በአህያ የጫኑ አንድ ሽማግሌ መጡ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሼህ ይመር ይባላሉ። ነገሩን ሲሰሙ «አላህ ይድረስላችሁ፤ እኔ ጨው ነው የማውቀው» ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ከግራሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ምስለኔው ተናገሩ። እኔም ስለ ቁርበቱ ተናገርኩ።

«ውሸት ነው!» አለ ደግፌ ነጠላውን እየጎተተ። «መጨበጥ ይችል ነበር፤ ንቀት ነው!»

ሼህ ይመር ብስክሌቷን ዞረው አዩ፣ ቁርበቱን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። «እንሞክረው» አሉ። «ልጁ ይምራት፤ መጨበጫውን ግን የከሳሽ ወገን ይጨብጥ። ከመሃል በሕግ አምላክ ይባላል። ከቆመች ልጁ ዋሽቷል።»

ሁሉም ተስማማ። እኔ ግን ቁርበቱን በጣቴ ነካሁት። በክርክር ስንቆይ ፀሐይ ወጥታለች፤ ቁርበቱ ደርቋል። ከደረቀ ይይዛል፤ ከያዘ እኔ ውሸታም ነኝ።

«አባባ» አልኩ፣ «ጠዋት ርጥብ ነበር። አሁን ደርቋል። ይርጠብልኝ።»

አሽከሮቹ ሳቁ። «ቀጥሎ ደግሞ ሌሊቱ ይመለስልኝ ይላል!» አለ አንዱ። ሼህ ይመር ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ የረጠበውን መሬት አዩ። «ዝናብ እንደነበረ መሬቱ ይመሰክራል» አሉና፣ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ የያዙትን ውሃ ከቅላቸው እየቆጠቡ ሁለቱ ቁርበቶች ላይ አፈሰሱ። የእኔ ዕጣ በዚያች እፍኝ ውሃ ላይ ተንሳፈፈች።

ደግፌን መፍታት አይቻልም፤ ተቋጥረናል። ስለዚህ ከፊቴ ያለው ብረት ላይ እንደ ሙሽራ ተቀመጠ፤ እኔ በብብቱ ሥር አሾልቄ መሪውን ያዝኩ፤ እሱ በሁለት እጁ ሁለቱን መጨበጫ ያዘ። ተነሳን። እኔ ብቻዬን ስሆን ጥይት ነበረች፤ ከደግፌ ጋር መድፍ ሆነች።

ከመሃል ስንደርስ የምስለኔው ድምፅ ከኋላ መጣ፤ «በሕግ አምላክ! ቁም!»

«ጌታዬ! እየጨበጥኩ ነው!» አለ ደግፌ።

«በሕግ አምላክ!»

«ጌታዬ ይማሩኝ! ብረቱ አልሰማም አለ!»

አሸዋው ጋ ስንደርስ ሁለታችንም በብስክሌቷ አናት ላይ አልፈን ወደቅን። ነጠላው ግን አልተፈታም። ተደጋግፈን ስንመለስ ምስለኔው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። የተናደዱ መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ሳቅ መሆኑ ገባኝ። ደግፌ የተላጠ መዳፉን ለሼህ ይመር አሳየ። «እስኪቆስል ጨብጫለሁ» አለ። ከሳሽ ራሱ ምስክሬ ሆነ።

ሼህ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ቁርበት በዝናብ እንደማይዝ ታውቅ ነበር?»

አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። «የሚያውቅ ሰው ነግሮኝ ነበር» አልኩ።

«እንግዲያው ስማ። ተጠርተህ አለመቆምህ ጥፋት አይደለም፤ አልቻልክም። የማይቆም ነገር ይዘህ ሰው ወዳለበት መውጣትህ ጥፋት ነው። ለወደቁት ጌታ አንድ ማሰሮ ማር ትክሳለህ። ላስቲክህ እስኪመጣ በዚህ ቁልቁለት ከብስክሌትህ ወርደህ፣ እየገፋህ ታልፋለህ፤ ለማንም ጌታ ሳይሆን ለሁሉም ሰው። ከዚህ በቀር መንገዱ መንገድ ነው። በእግሩ የሚሄድ በእግሩ፣ በጎማ የሚሄድ በጎማ። ብስክሌቷን ማንም አያስርም።»

ሁላችንም ምስለኔውን አየን። እሳቸው ራሳቸው መጥተው ቋጠሮውን ፈቱ።

«ፍርድ ነው» አሉ። «ማሩ ግን ነጭ ይሁን።»

ዳቦው ወለንጪቲ ሲደርስ ቀዝቅዞ፣ ተጨፍልቆ ነበር። ላስቲኩም ከወራት በኋላ መጣ። እስከዚያ ድረስ በየቀኑ ያን ቁልቁለት እየገፋሁ ወረድኩ። ምስለኔው አንዳንዴ ሲያገኙኝ በቅሎአቸውን ጥግ አስይዘው «እለፍ፣ ባለ ቁርበቱ» ይሉኝ ነበር። እንደ ስድብ ይጀምራል፤ ሲያልቅ ግን ሰላምታ ነው። ኋላ የራሳቸውን ደብዳቤ ወደ ጣቢያ የማደርሰው እኔ ሆንኩ። ደግፌም ከዚያ ቀን በኋላ ብስክሌት ሲያይ መዳፉን ያሻል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አይቻለሁ። በሕግ አምላክ ቢባልም ያልቆሙ መጥተው ሄደዋል፤ ከተማችንም ስሟ ተቀያይሯል፤ እኔ ዝም ብዬ ሸቀጤን እሸጣለሁ። ግን ሰው ለመሄድ ነጻ ነው ሲባል ስሰማ፣ ያ ቁልቁለት ይታየኛል። የሚቆም ነገር ካልያዝክ መሄድህ መሄድ አይደለም፤ መውደቅ ነው። ይህ ደግሞ ለዳቦ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ለባለ ፊሽካም ነው።

እሑድ ዕለት ያቺ ሴትና ያ ፖሊስ ዘምቢሉን ሲጓተቱ፣ ቃሉ ራሱ ከአፌ ወጣ።

«በሕግ አምላክ!»

ድምፄ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ድምፅ ማጉያዋን አያህልም። ከኋላዬ አንድ ጎረምሳ «ይሄ ነገር አሁንም አለ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ፖሊሱ ግን አልሳቀም። እጁ ዘምቢሉ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ። የሰማው ከአያቱ ይሆናል፤ ከየት እንደሰማው አላውቅም። እኔን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ወደ ቢሾፍቱ አቅጣጫ አየ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። ዘምቢሉን ለቀቀ።

«ቶሎ በይ፣ እህቴ» አላት ገመዱን ከፍ አድርጎ። ሮጣ ተሻገረች።

ተወዳዳሪዎቹ መጡ፤ እንደ ንብ መንጋ እየተመሙ አለፉ። ሰዉ ሁሉ አጨብጭቦ ተበተነ። እኔ ግን ቆየሁ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ አንድ ብቻውን የቀረ፣ ላብ ያጠመቀው ልጅ መጣ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ አንድ አሮጊት ሲሻገሩ አየ። ፍሬኑን ነካ አደረገ፤ ብስክሌቷ ታዘዘች፤ አሮጊቷ አለፉ።

ላስቲክ ነው፤ ቁርበት አይደለም። አጨበጨብኩለት።