ዘፋኝ የሌለበት ካሴት

በዚህ ትዝታ ውስጥ የምሳሳትበት ነገር ሊኖር ይችላል። አውቶቡሱ ቀይ ይሁን ሰማያዊ፣ ባለሱቁ ያን ቀን ኮት ይልበስ አይልበስ፣ ዛሬ አልምልም። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር፤ እኔም ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት ዕረፍት ፍኖተ ሰላም ገብቻለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት የላከልኝ አንድ ካሴት ነበረኝ። አንድ የጃዝ ኦርጋን ተጫዋች የጥቁር አሜሪካውያንን የሶልና የብሉዝ ዘፈኖች ያለ ድምፃዊ ተጫውቶበታል፤ ኦርጋኑ ቃል ሊያወጣ ጥቂት የቀረው ይመስል ነበር። እንዳያረጅብኝ ሰግቼ፣ ቅጂ እንዲያወጣልኝ በመናኸሪያው ፊት ለፊት ካሴት ለሚሸጥ ሰው ሰጠሁት። በሳምንቱ ስመለስ ኦርጋኑ ጠፍቷል፤ በቦታው ባለሱቁ ራሱ በክራር ያንጎራጉራል። አዲስ አበባ ላሉ አሳታሚዎች ድምፁን ሊልክ ጥራት ያለው ካሴት ሲፈልግ ኖሯል።

«ዘፋኝ የሌለበት ካሴት ባዶ ነው ብዬ ነው፣ ወንድምዓለም» አለኝ ሳይደነግጥ። «ደግሞስ ጥርሱን ሰብረህ ብትሰጠኝ መች ይቀዳበት ነበር?»

ጥርስ የምንለው በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ነው። ከተሰበሩ መቅጃው አይሠራም፤ ሊቀዳ የፈለገ ሰው ክፍተቱን ሆን ብሎ መድፈን አለበት። የሰበርኳቸው ይመስለኝ ነበር፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ካሴቱን ተቀብዬ ወጣሁ።

ባለሱቁ በገበያ ቀን ወደ ቡሬ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን፣ የሚሳፈርበት አውቶቡስ ሾፌር አብሮ አደጌ ነውና ካሴቱን ሰጥቼው ከኋላ ተቀመጥኩ። ከከተማ እንደወጣን ያ የባለሱቁ ቀጭን ድምፅ አውቶቡሱን ሞላው። አንዲት እናት ይህ ሰው ሐዘን ደርሶበት እንደሆነ ሾፌሩን ጠየቁት። እሱም እንዳስጠናሁት «ኧረ ደኅና ነው፣ እማማ፤ ይኸው ከፊትዎ ተቀምጧል» አላቸው። ጎንበስ ብለው አዩትና ከልባቸው አዘኑለት።

«ቡሬ ጥሩ ሐኪም አለ አሉ፣ ልጄ። ጉሮሮህን ታይ።»

ሳቁ እስከ ማንኩሳ አልበረደም። ባለሱቁ እዚያው ወረደ። እንዲያየኝ በመስኮት አንገቴን አወጣሁ፤ ቀና አላለም። ከዚያ ወዲያ ሲዘፍን የሰማው የለም ይላሉ። አላዘንኩለትም፤ ቡሬ ድረስ አለመቀመጡ ብቻ ቆጨኝ።

ደስታዬን ሲያጎድልብኝ የኖረው ያ ጥርጣሬ ነበር፦ ሳልሰብር ሰጥቼው ቢሆንስ? አምና እናቴ ቤት፣ ከሣጥን ውስጥ ካሴቱን አግኝቼ ወደ ብርሃን አወጣሁት። ሁለቱም ጥርሶች ተሰብረዋል። ክፍተታቸው በወረቀት ተጠቅጥቆ፣ በላዩ ፕላስተር ተለጥፎበታል።