የጋራው መጸዳጃ በር

የቧንቧ ሠራተኛው የመጸዳጃዬን መቀመጫ የዛጉ ብሎኖች በነጭ ጋዝ እያራሰ ሲፈታ፣ ሽታው ወደ ደርግ ዘመን፣ ወደ ጉለሌው ግቢያችን መለሰኝ። የጋራው መጸዳጃ ማጠፊያ በዝገት ተበልቶ በሩ ስለ ወደቀ፣ ሴቶቹ ሁሉ መምሸቱን ይጠብቁ ነበር፤ አዲስ ማጠፊያም በገበያ አልተገኘም። መሪጌታ የነበሩት አባቴ የቤታችንን በር ብሎኖች በነጭ ጋዝ አርሰው ፈቱና፣ በሩን ነቅለው ማጠፊያውን ለመጸዳጃው ወሰዱ።

«የእንጦጦ ጅብ ሲመጣ ምኑን ልንዘጋ ነው፣ መሪጌታ?» አለች እናቴ።

«እኛን የሚጠብቅ አለ፤ የጎረቤትን ገመና ግን የምንሸፍነው እኛ ነን» አሉ የመጸዳጃውን በር ብሎን እያጠበቁ።

ወዲያው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በጠራራ ፀሐይ መጸዳጃው ገብተው በሩን ዘጉት። ከውስጥም «አልሐምዱሊላህ! ዛሬስ አልቸኩልም!» ሲሉ ተሰማ። እናቴ በር በሌለው ደጃፋችን ቆማ፣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ስትስቅ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።