የማልሱን ቀይ ፋኖስ

ከሴኡል የሚመጡት የጎብኚ አውቶቡሶች ድልድዩን ተሻግረው ወደ ትልቁ ገዳም ያልፋሉ። ወደ እኛ የሚወርደው መንገድ ጠባብ ነው፤ እንግዳ አይመጣበትም። ወንዙ ዳር ያለችው ትንሿ ገዳማችን ያሏት ሁለት መነኮሳይያትና ወጥ ቤቱን የምናግዝ ጥቂት ሴቶች ናቸው። ማልሱን ከእኛ አንዷ ነበረች።

በወጣትነቷ የዓሣ ሾርባ ስለሸጠች ምላሷ የገበያ ምላስ ነው። አንድ ቀን አለቃችን፣ ሱኒም የምንላቸው መነኩሲት፣ ጎመኑን በበርበሬ ለውሰው አቀመሷት። «ሱኒም፣ ቡድሃ ይህን ቢቀምሱ ኖሮ ጥለውት ወደወጡት የአባታቸው ቤተ መንግሥት ይመለሱ ነበር» አለቻቸው። ሱኒም ሳቃቸው አምልጧቸው ወደ ጓሮ ወጡ።

ስለ ልጇ ግን አትቀልድም። አንድያ ልጇ ጊቹል ከወንዙ አሸዋ በሚያወጣ ጀልባ ላይ ይሠራ ነበር። በአንድ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጀልባውን አስሬ ልምጣ ብሎ ወጣ። ጀልባዋ ከታች ተገልብጣ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ባሏ ማንሶክ እስከ በልግ ዝናብ ዳር ዳሩን ሲፈልግ ከረመ።

በቡድሃ ልደት ሁላችንም ስም የተጻፈበት የወረቀት ፋኖስ እንሰቅላለን። የሕያዋኑ ባለ ቀለም ነው፤ ግቢው ውስጥ ይንጠለጠላል። የሙታኑ ነጭ ነው፤ ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ይሰቀላል። ነጭ ለተሰቀለለት ሩዝ ይቀርብለታል፣ መንገዱ እንዲቀናለትም ይጸለይለታል። ማልሱን በየዓመቱ ለጊቹል ቀይ ትሰቅል ነበር። ማንም አልተናገራትም፤ ከማንሶክ በቀር። እሱ ጉበቱ ታሞ ሲደክም ለመናት።

«ልጁ እዚያ ማዶ ተርቦ ይሆናል። አንቺ እዚህ ከሕያዋን ጋር ታቆሚዋለሽ።»

«ነጭ ሰቅዬለት በሕይወት ቢኖርስ? በገዛ እጄ ልግደለው?»

ማንሶክ ነጩን ሳያይ ሞተ። ከዚያ ወዲያ ማልሱን ከሳች፤ ጨዋታዋም ቀነሰ። ጎመን እያጠበች በመሐል እጇን ውሃው ውስጥ ትረሳው ነበር።

በሚቀጥለው ፀደይ ዮንሱክ የምትባል ሴት ከከተማ መጥታ ሰፈራችን ገባች። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ በፋኖሶቹ ላይ ስም እንድትጽፍ ተሰጣት። የስም ዝርዝሩን ስታይ ጊቹል ማን እንደሆነ ጠየቀች፤ አንዷ ወንዝ የወሰደው የማልሱን ልጅ ነው አለቻት። የቀረውን የነገራት የለም። እኛ ለዓመታት ስለለመድነው የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለን አላሰብንም። ዮንሱክ ስሙን በነጩ ላይ አሳምራ ጻፈችና ከአባቱ ፋኖስ አጠገብ ሰቀለችው።

በበዓሉ ጧት ማልሱን ቀዩን ግቢው ውስጥ ፈለገች። አጣችው። ከጸሎት ቤቱ ጀርባ ስትዞር ተከተልናት። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። ዮንሱክ ፊታችንን አይታ ነገሩ ገባት፤ መሰላል ይዛ ሮጠች። ማልሱን መሰላሉን ያዘችባት።

«ተይው።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ፤ አላወቅኩም።»

«ብታውቂማ አትሰቅዪውም ነበር። እኔም እስክሞት አልሰቅለውም ነበር።»

ዮንሱክ ታለቅሳለች። ማልሱን እሷን ትታ ወደ ባሏ ፋኖስ ቀና አለች።

«በል እንግዲህ፣ አሸነፍከኝ። አንተ ጋ ነው፤ አብላው።»

ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሱኒም ሩዙን ራሳቸው ቀድተው አቀረቡ፣ ጸሎቱንም ጀመሩ። ጊቹል ያን ቀን እንደበላ እኔ አምናለሁ፤ ስለዚያም አመሰግናለሁ።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሱኒም እንደ ሥርዓቱ ለሟቹ እንዲደርሰው የሚቃጠል ልብስ ጠየቁ። ማልሱን ቤቷ ደርሳ መጣች። ያመጣችው ወፍራም የክረምት ካፖርት ነበር፤ የሱቁ ወረቀት አሁንም እጅጌው ላይ ተንጠልጥሏል። ጊቹል በጠፋበት ዓመት፣ ሲመጣ ይበርደዋል ብላ የገዛችው ነው።

ሱኒም ቀስ ብለው፣ ይህን ለማስታወሻ ብታስቀሪውስ አሏት።

«አንድ ቀን እንኳ አልለበሰውም፤ ይልበሰው» አለች።

ወንዙ ዳር እሳት አነደድን። ማልሱን ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ ወረቀቱን በጥሳ ጣለች። ከዚያ አዝራሮቹን ከታች ጀምራ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈቻቸው፣ ኮሌታውንም አቃናችለት፤ ካፖርቱንም ለሱኒም ሰጠቻቸው።