ሞተር ለሌላት መኪና በግ ይዘን ሞጆ የሄድን ዕለት

ከአዳማ መነሻ

ማክሰኞ ማለዳ ከአዳማ ስንነሳ ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰው፣ ከኋላ አንድ በግ ነበርን። የምንሄደው ሞጆ ነው። ስንት ጊዜ የጠበቅናት አዲስ ፒክአፕ ደረቅ ወደብ ገብታለች ተብሏል፤ ሄደን ኮፈኗን ከፍተን ሞተሯን በዓይናችን ልናይ ነው። ከወደድናት በጉ እዚያው ጎማዋ ስር ይታረዳል።

እኔ ዳኒ እባላለሁ። የምነዳት አሮጌ ፒክአፕ የሐጂ ከድር ናት። ሐጂ ሁሩታ ውስጥ የታወቁ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ከሁሩታ፣ ከዴራ፣ ከአቦምሳ እህል እየጫንኩ አዳማ አራግፋለሁ። ከአዳማ እስከ አቦምሳ እኔን የማያውቅ ትራፊክ ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። ጉራ እንዳይመስላችሁ። እሺ ጉራ ነው፣ ግን እውነት ነው።

አጠገቤ የተቀመጠው ጀማል ነው፤ መካኒክ ነው። ከሥራው ይልቅ የሚኮራው ግን በቴሌግራም ግሩፑ ነው፤ የአንድ መኪና ፋብሪካ ወዳጆች የተሰበሰብንበት ነው፣ አድሚኑ እሱ። የፋብሪካውን ስም አልጽፍም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራለትም። እኛ ዝም ብለን «ፋብሪካው» ነው የምንለው፣ የእናታችን ወንድም ይመስል። ግሩፑ ላይ ቀን ከሌት የሚወራው ስለሚቀጥለው ሞተር ነው። አንዱ ሦስት ሲሊንደር ይሆናል ይላል። ሌላው ቱርቦ ይጨመርበት ይላል። «ቱርቦው ዴራ ላይ ቢቃጠል ማን ይሠራልሃል?» ብሎ አንዱ መለሰና በዚህ የተነሳ ሳምንት ሙሉ ተሰዳድበው ሁለቱም ተባረሩ። እኔ የጠየቅኩት ትንሽ ነገር ነው። ናፍታ ይጠጣ፣ ዳገት ይውጣ፣ መንገድ ላይ ሲያመው በፒንሳና በሽቦ ይዳን። ይህን ያህል ከባድ ነው?

አሁን ችግሩን ልንገራችሁ። ሐጂ አሮጌዋ ሰልችታቸዋለች፤ የአቦምሳ ሰው ሊገዛት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ የግሩፑን ወሬ ይዤ ሄጄ፣ አዲሷ ናፍታ ፒክአፕ እየመጣች ነው ብዬ ማልኩላቸው። የነዳጅ መኪና አይገባም ቢባልም ለሥራ መኪና ይፈቀዳል ብሎኝ ነበር ጀማል። ሐጂ ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ «እሺ ጉርባ» አሉኝ፤ ልጅ ማለታቸው ነው። «ሂድና እይ። ሞተር ካላት እገዛታለሁ፣ አንተ ትነዳታለህ። ከሌላት ግን ይቺን ለአቦምሳው ሰው እሰጣለሁ፤ ቃል ገብቼለታለሁ። ከዚያ በኋላ እህሌን በኪራይ ነው የማስጭነው።»

በኪራይ ማለት ያለ እኔ ማለት ነው።

በጉን የላኩት እሳቸው ናቸው። እኛ ዘንድ አዲስ መኪና በግ ሳይታረድላት፣ ሽማግሌ ሳይመርቃት ጭነት አትነካም። እኛ ግን ሙሽራዋን ሳናይ ድግስ ይዘን ወጣን። የሐጂ በግ ስለሆነ የሚያርደው ጀማል ነው፤ እሱ ካረደው እኔ ክርስቲያኑ አልበላም። ከዚህ ሁሉ ድግስ ለእኔ የምትደርሰኝ መሪዋ ብቻ ነች።

ሞጆ

በአሮጌው መንገድ ነው የሄድነው። ኮንቴይነር የጫኑ ተሳቢዎች ዳር ይዘው ተኮልኩለዋል፣ ሾፌሮቹ ከስራቸው ምንጣፍ አንጥፈው ተኝተዋል። ወደ ከተማው ስንጠጋ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ መጣ። ከአዳማ ጀምሮ ሲጮህ የነበረው በግ ድምፁን አጠፋ። ዘመዶቹ ምን እንደሆኑ የገባው ይመስለኛል።

ፉል በላን። ዳቦው ከባለፈው ወር አንሷል፣ ዋጋው ግን አድጓል። የፉል ቤቱን ባለቤት «ይሄ ዳቦ ነው ወይስ ክኒን?» ብላት፣ «ክኒን ከሆነ ከምግብ በኋላ ዋጠው» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ሂሳብ የከፈልኩት የዚያን ቀን እዚያ ብቻ ነው።

ለሊሴ መጥታ ወሰደችን። ለሊሴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጡ ሰዎች ቢሮ ነው የምትሠራው፣ የግሩፑም አባል ናት። «አዲሷ ገባች» ያስባለውን፣ ሸራ የለበሰች መኪና ፎቶ ግሩፑ ላይ የለጠፈችው እሷ ናት። መኪናዋ ከወደቡ ወጥታ መንገድ ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ቆማለች።

«አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችን። ቀጥላ ከኋላችን አየችና «ይሄ ምንድነው?»

«በግ ነው» አልኳት።

«በግ መሆኑንማ አያለሁ።»

ሸራውን ገለጡት። መዋሸት አልፈልግም፣ ታምራለች። ፊቷ ሰፊ፣ መብራቷ ቀጭን፣ ሰውነቷ እንደ ዶሮ እንቁላል ልስልስ ያለ። ጀማል እጁን በሱሪው ጠርጎ ነው የነካት። ለሊሴ ገብታ ተቀመጠች።

«አስነሺያት» አላት ጀማል።

«ተነስታለች።»

«ምንም አልሰማሁም እኮ።»

«አትሰማም።»

ወደ ፊት ሄጄ ኮፈኑን አስከፈትኩ። ውስጡ ምን አለ? ባሊ የሚያክል ጥቁር ፕላስቲክ ሳጥን፣ ክዳን ያለው። ክዳኑን አነሳሁት፤ ባዶ ነው። ሻንጣ ማስቀመጫ ነው አሉ። ጀማል «ሞተሩ ከኋላ ይሆናል» ብሎ መሬት ላይ ተጋድሞ ስሯ ገባ። እግሮቹ ብቻ ቀሩ። ብዙ ቆየ።

«ጀሚ» አለችው ለሊሴ ጎንበስ ብላ፣ «ባትሪ ነው። ውጣ፣ ልብስህ ይቆሽሻል።»

እኔ ነደደኝ። «ለምን ግሩፑ ላይ አልጻፍሽም?»

«ማን ጠየቀኝ? እኔ ሸራ የለበሰች መኪና ነው የለጠፍኩት። ሞተር ያለበሳችኋት እናንተ ናችሁ።»

የተናደድኩት በእሷ አይደለም፤ በፋብሪካው ነው። ባትሪ መኪና መጥፎ ነው አላልኩም። አስፋልት ለአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ይመቸው፣ ይባረክለት። ግን ይሄ ፋብሪካ ስሙን ያገኘው የት ነው? ጭቃ ውስጥ፣ ኮረኮንች ላይ፣ ኩንታል ተሸክሞ ነው። እኛ ነን በየዳገቱ ስሙን ያስጠራነው። አሁን «የወደፊቱ መኪና» ብሎ ሲያስብ እኛ ወደፊት የለንም? አቦምሳ መብራት ሲጠፋ ስልኬን ቻርጅ የማደርገው ከመኪናዬ ነው። መኪናዬን ከማን ላድርግ? ከስልኬ?

ወደ ሁሩታ

በጉን ይዘን ተመለስን። አዳማን አልፈን፣ መልካሳ ላይ የአዋሽን ድልድይ ተሻገርን። ሙቀቱ ጋቢናውን ምድጃ አድርጎታል። መንገድ ዳር ፓፓያ የሚሸጡ ሴቶች ጥላ ስር ሆነው ጠሩን፤ አልቆምኩም። እኔ ለፓፓያ ሳልቆም ሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው።

ዴራ ልንደርስ ስንል ሐጂ ደወሉ። «አያችኋት? ታረደ?»

«መጥተን እንነግርዎታለን» አልኳቸው።

ጀማል ስልኩን እስክዘጋ ጠብቆ፣ «ስማ» አለኝ። «ጉምሩክ ይዟታል፣ ሸራዋን አላነሱልንም እንበል። ትንሽ ጊዜ እንግዛ። ናፍታዋ መምጣቷ አይቀርም።»

«ባዶ ሳጥን አይተህ?»

«ያቺ ሌላ ሞዴል ትሆናለች።»

ከዴራ በላይ ያለው ዳገት ሲጀምር ማርሽ ቀየርኩ። አሮጌዋ ጮኸች፣ ጥቁር ጭሷን ተፋች፣ ወጣች። አንድ ሲኖ ዳር ይዞ ሲያቃስት በጎኑ አልፌ ክላክስ አደረግኩለት። እንደዚያ ቀን ሆና አታውቅም፤ ወይም እኔ እንደዚያ ቀን ሰምቻት አላውቅም። እውነቱን ልናገር፣ የጀማል ውሸት ጣፈጠኝ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ያስነዳኝ ነበር።

ሁሩታ

ሐጂ መጋዘናቸው ደጃፍ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል። ለምርቃት የተጠሩ ሁለት ሽማግሌዎች አጠገባቸው አሉ። ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ ቆሟል፤ ሁሴን ይባላል፣ የአቦምሳው ገዢ ነው። ገና ስቆም ዓይኑ ጎማዎቼ ላይ ሄደ።

ጀማል ቀደመኝ። «ሐጂ፣ መኪናዋ ገብታለች። ሸራ ለብሳ ነው ያየናት፣ ጉምሩክ ትንሽ...»

«ሞተሯን አየኸው?» አሉት።

«ሸራው እኮ...»

«የላትም፣ ሐጂ» አልኩኝ። «ባትሪ ናት። ኮፈኗን ከፍተን አይተናል፣ ባዶ ነው።» ግሩፑ ላይ ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠጣው የኖርኩትን ወሬ ለሽማግሌ መልሼ ልቅዳ? እምቢ አለኝ።

ጀማል ጫማውን ማየት ጀመረ። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «እባክዎ ይቺን አይሽጧት። እንደሷ ያለ አይሠሩም ከእንግዲህ። ሞጆ ያየሁት ይሄንን ነው። የማርሽ ካምቢዮዋን አስወርጄ በራሴ ወጪ አሠራታለሁ።»

«ስማ ጉርባ። አንተ ፋብሪካውን አመንክ። እኔ አንተን አመንኩ። ይሄ ሰው ደግሞ እኔን አምኖ ከአቦምሳ መጣ። እምነቱን እኔ ጋ ሲደርስ ልበጥሰው?»

ቁልፉን ሰጡት። ከእጄ ተቀብለው ነው የሰጡት።

ሁሴን ወደ እኔ መጣ። «ወንድሜ፣ ምን ምን ዓመል አላት?» አለኝ።

ወላሂ ልነግረው አልፈለግኩም፤ እኔ ክርስቲያኑ እንኳን ወላሂ ያልኩት በንዴት ነው። ይወቀው እሱ፣ ገዝቷት የለ? ከዚያ የዴራ ቁልቁለት ትዝ አለኝ። ኩንታል ጭኖ ሲወርድ ታየኝ።

«ሦስተኛ ማርሽ ይዘልላል፣ በጉልበትህ ደግፈው» አልኩት። «ፍሬኗን ቁልቁለት ሳትጀምር ሁለቴ ርገጥ፣ የመጀመሪያው ባዶ ነው። ጠዋት አትቸኩልባት። ውሃዋን በየቀኑ እይ።» ሁሴን አንድ በአንድ ደገመልኝ፣ ሦስተኛ፣ ጉልበት፣ ሁለቴ። ጎበዝ ነው፤ እሱም አናደደኝ።

በጉ ለሁሴን ታረደ። ደሙን አሮጌዎቹ ጎማዎች ላይ ቀቡት። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው፣ «የሸጠም ይጠቀም፣ የገዛም ይጠቀም» አሉ። አየት አደረጉኝና «የነዳም» ብለው ጨመሩ። ሁሉም አሜን አለ። እኔ አላልኩም።

ወደ ቤት

ከጀማል ጋር በሚኒባስ ተመለስን። በዚያ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም። ሾፌሩ ኩርባው ላይ ማርሽ ዘግይቶ በቀየረ ቁጥር እግሬ ወለሉን ይረግጣል። «ፍሪሲዮን አለው እንዴ ያንተ ወንበር?» አለችኝ አጠገቤ ያለች ሴት። እኔ በቀልድ የምሸነፍ ሰው አልነበርኩም።

ስልኬን አውጥቼ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። «ሞጆ ሄጄ ኮፈኗን ከፍቼ አየሁ። ሞተር የለም። የሚመጣም የለም። ያላችሁን አትሽጡ።» ይቺው ናት። ወዲያው ተንጫጩ። አንዱ «ፎቶ የታለ?» አለ። አንዱ «የሌላ ፋብሪካ ሰላይ» አለኝ። ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ባለ ሦስት ሲሊንደር ናፍታ እንደሚወጣ አጎቱ ዱባይ ሰምቷል አለ። ልመልስለት ስል መጀመሪያ የጻፍኩት ከግሩፑ ጠፋ።

ቀና ብዬ ጀማልን አየሁት። ስልኩን በእጁ ይዟል።

«አንተ ነህ ያጠፋኸው?»

«ሰው ተስፋ ይቆርጣል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «አንድ ነገር ይኑራቸው ብዬ ነው።»

ልመታው አሰብኩ። መኪናዬን ያሳጡኝ ሐጂ አይደሉም፣ ሁሴንም አይደለም፣ ይሄ ነው፤ ይሄና እኔ። ፋብሪካውማ መኖራችንንም አያውቅም። ጃፓን ይሁን የት፣ የሚሠራውን ሠርቶ ይሸጣል፤ ዘመዳችን ነው ያልነው እኛ ነን። ከዚህ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ይኸው፦ ኮፈን ሳይከፈት በግ አይገዛም። በእጅህ ያለችውንም «አሮጌዋ» እያልክ አትጥራት፤ ባለቤቷ ይሰማል።

አዳማ ስንደርስ ለጀማል ደህና እደር አላልኩትም። እናቴ በር ላይ ነበረች።

«ዛሬ ድምፅዋን ሳልሰማ ገባህ» አለችኝ። «መኪናዋን የት አቆምካት?»

«አቦምሳ» አልኳት።