አመድ የወረደባት ከተማዬና የአርሊንግተን መንገድ

ከሜስኪት መነሳት

ቅዳሜ ጠዋት ከምኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከሜስኪት የተነሳሁት ሌላ ከተማ ላድን ነው። ከተማዋ ትሬንታ ኳትሮ ትባላለች። ካርታ ላይ አትፈልጓት፤ ያለችው ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው የኮምፒውተር ጨዋታ ይጫወታል ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ ሳቁ፤ እኔም መስታወት ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ።

ጨዋታው ተራ በተራ የሚሄድ ነው። ሰው መሬቱን ያለማል፣ ከተማውን ይገነባል፣ ወታደሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሲጨርስ ተራውን ለሚቀጥለው ይለቃል። ማንም ማንንም አያጣድፍም። የወደድሁትም ለዚህ ነው፤ በዚህ አገር ሽማግሌ እስኪጨርስ የሚጠበቅበት ሌላ ቦታ አላገኘሁም። ዕድሜዬን በደሴና በአሰብ መካከል ጭነት ሳመላልስ ኖሬ፣ እዚህ መጥቼ ጡረታ ስወጣ፣ ልጄ ጀማል፣ ቤት ተቀምጬ እንዳላብድ ብሎ ጨዋታውን ጫነልኝ። የመጀመሪያዋን ከተማዬን በረዳትነት በተሳፈርሁባት አሮጌ የጣሊያን ጭነት መኪና ስም ጠራኋት። መኪናዋ አቀበት ላይ ስትጨስ ነበር የኖረችው፤ የከተማዬም ዕጣ ጭስ ሆነ።

ባለፈው ስንገናኝ ተስፋዬ ሁለት የኑክሌር ቦምብ ጣለባት። ተስፋዬ አርሊንግተን የሚኖር ነርስ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ የሚያገለግል፣ ዝንብ እንኳ በመስኮት የሚሸኝ ሰው። ቦምቡን ሲጥል ይቅርታ ጠይቆኛል። ግን ጥሎታል።

ከቦምቡ ይልቅ ከኋላው የሚመጣው ይብሳል። በከተማዋ ዙሪያ ያለው ማሳ ሁሉ አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ መርዛማ አመድ ለበሰ። አመድ የለበሰ ማሳ አያበላም። የሚበላ ከሌለ ሕዝቡ በየተራው ይቀንሳል፤ የመጨረሻው ሰው ያለቀ ቀን ከተማዋ ከካርታው ትነሳለች። አመዱን የሚጠርጉት አካፋ የያዙ ትንንሽ ሠራተኞች ናቸው። እኔስ ምን አደረግሁ? መኪናውን ለረዳት ሰጥቶ ሻይ ቤት መቀመጥ የለመደ ሰው አይደለሁ፤ «ራሳችሁ ሥሩ» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥቻቸው ተቀመጥሁ። እነሱም አመዱን ትተው ማንም ወደማይሄድበት ተራራ መንገድ ይጠርጉ ጀመር። ከአለቃቸው የተማሩት ይህንኑ ነዋ።

ጀማል ይህን አይቶ፣ «አባ፣ ኦቨር ነው፤ ኩዊት አድርግ» አለኝ፤ አልቋል፣ ተወው ማለቱ ነው። በዚያው ሳምንት የቤቴን የፖስታ ሳጥን በመኪና ገፍቼ አጣምሜው ስለነበር፣ ወሬው ከከተማዬ ወደ መኪናዬ ቁልፍ ተሻገረ። ዐይኔም እጄም ለሃይዌይ አይሆኑም አለ። እልህ ያዘኝ። ከተማዬን ካዳንሁ የቁልፉን ነገር ዳግመኛ ላያነሳብኝ፣ ከጠፋች ግን በገዛ እጄ ላስረክበው ተስማማን። ውርርድ ሐራም ስለሆነ ስምምነት ነው ያልነው።

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ጀማል የሚማረውም የሚሠራውም አርሊንግተን ነው። ወደዚያ ባቡር አይሄድም። ቁልፉን ካጣሁ ልጄን የማየው እሱ በተመቸው ቀን ብቻ ነው፤ ነጂ ሆኜ ኖሬ ጭነት ልሆን ነው።

እንግዲህ ኮምፒውተሬን የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ በቀበቶ አሰርሁት። ከጎኔ እግር ማስቀመጫው ላይ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ የሞላ ትልቅ ድስት አኖርሁ። የራሴን ቀበቶ ያሰርሁት ከሰፈሩ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ይህን ለጀማል አትንገሩብኝ።

በስድስት ሠላሳ አምስት ሃይዌይ ላይ

ቤንዚን ጋሎኑ አራት ዶላር የደረሰበት ሰሞን ነበር። እኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ቀስ እላለሁ፤ ከኋላዬ ያሉት ግን ምክንያቴን ሳይጠይቁኝ ጡሩምባ ይነፉብኛል። አንድ የጭነት መኪና አልፎኝ ሲሄድ ነጂው ወደ ታች አየኝና ራሱን ነቀነቀ። እኔም መልሼ ነቀነቅሁለት። የአዋሽን ቁልቁለት በጨለማ ፍሬን እየሸተተኝ የወረድሁ ሰው፣ ስድስት መስመር ባለው ሜዳ ላይ እንዲህ መናቄ ገረመኝ። ቢሆንም ቀኙን መስመር አልለቀቅሁም። ቀኙ መስመር የእኔ ነው።

መንገዱ ዳር ዳሩን የመኪና መሸጫ፣ የፍራሽ መደብር፣ እንደገና የመኪና መሸጫ ነው። ዛፍ የሚታየው ፓርኪንግ ውስጥ በአጥር የታሰረው ብቻ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አስፋልቱን ያርገበግበው ጀምሯል።

አዲሰን

ነጂብን የወሰድሁት ከአዲሰን ነው። ነጂብ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው፤ የወሎ ልጅ፣ በጨዋታውም ጎረቤቴ። ተስፋዬ ቦምብ ሲጥልብኝ አንገቱን ደፍቶ የራሱን ድንበር ሲያጥር የነበረ ገለልተኛ ነው። አፓርታማው በቢሮ ሕንፃዎችና በምግብ ቤቶች መካከል ነው፤ ቅዳሜም ቢሆን ክራባት ያሰረ ሰው ቡና በወረቀት ኩባያ ይዞ ይሮጣል።

ነጂብ በሩን ከፍቶ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ቀጥሎ ድስቱን አየ። ክዳኑን አነሳ።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም አልሁት፤ እንዳይሞት ነው። ንፍሮ ለለቅሶ ብቻ ነው ያለህ ማነው? ካላመነኝ ያባቱን አገር ይጠይቅ። እሱ ግን ከተማዬን ሊቀብር እንደሚሄድ ሰው ፊቱን አጠቆረ፤ ከዚያ አልቻለም፣ ሳቀ። እኔ ልንዳ ሲለኝ እንቢ አልሁ። ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ እንደሚውል፣ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ መንገደኛ ሆኖ እንዲሄድ ነገርሁት። ቀበቶውን ግን ሁለት ጊዜ ሲያጠብቅ በጎን አይቼዋለሁ።

ወደ አርሊንግተን

በኧርቪንግ በኩል ወረድን። ነጂብ መውጫዎቹን እንደ ዳዊት በቃሉ ያውቃቸዋል ልል ነበር፤ እስላም ነውና እንደ ፋቲሓ ልበል። አውሮፕላኖች ጣራችንን ሊነኩ እየደረሱ ያልፋሉ። አርሊንግተን ስንቀርብ እየተሠራ ያለው ግዙፍ ስታዲየም ብረቱ ለሰማይ ተጋልጦ ታየ፤ ክሬኖቹ ከዚያ በላይ።

«ስንት ሠራተኛ ይሆን ይህን የሚሠራው?» አለ ነጂብ።

ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ግን «ራሳችሁ ሥሩ» ብሎ የሄደ አለቃ እንደሌለበት እርግጠኛ ነኝ አልሁት።

በተስፋዬ ጋራዥ

ተስፋዬ ጋራዡን ጠርጎ፣ ሁለት የሚታጠፉ ጠረጴዛዎች ዘርግቶ፣ ማራገቢያ አብርቶ ጠበቀን። ጉልበቴን ስሞ ተቀበለኝ። ከተማ አቃጥሎ ጉልበት የሚስም ጠላት ከየት ይገኛል? ጀማልም ከትምህርት ቤቱ ሰፈር መጥቶ የማቀዝቀዣ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ጭኑን በጣቱ ይመታል። ዐይኑ ቁልፌ ያለበት ኪስ ላይ እንደሆነ አውቄበታለሁ።

የሦስታችንን ኮምፒውተሮች በገመድ አገናኝተን ከመጀመራችን በፊት ድስቱን መሃል ላይ አስቀመጥሁ። ብሉ አልኋቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ የለፋሁበት ነው። ነጂብ ዘገነ። ተስፋዬ «ተባረኩ» ብሎ ዘገነ፤ ቀጥሎም በሳህን ጨመረ። ጀማልም ቁርስ አልበላሁም ብሎ ሁለት እፍኝ ወሰደ።

ጨዋታው ተጀመረ። ሠራተኞቼን ከዚያ ከማይረባ ተራራ አስወረድኋቸውና ሁሉንም አንድ የስንዴ ማሳ ላይ አሰለፍኋቸው። አንድ ማሳ ላይ ሲበዙ ቶሎ እንደሚጨርሱ ደርሼበታለሁ፤ ያባቴ ማሳ ላይም እንዲሁ ነበር። ቢሆንም አራት ብቻ ናቸው። አንዱን ማሳ አጥርተው ወደ ሁለተኛው ሳይሻገሩ የከተማዬ ሕዝብ ከሦስት ሁለት፣ ከሁለት አንድ ሆነ። በከተማዋ ስም አጠገብ አንዲት ቀይ አኃዝ ቀረች። ሌላ አንድ ማሳ ካልጠራ በሚቀጥለው ተራ እሷም የለችም።

ጀማል ተነስቶ ከኋላዬ ቆመ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አባ፣ ኢትስ ኦኬ» አለኝ፣ በጣም በለሆሳስ። ያ በለሆሳስ ማለቱ ነው ደሜን ያፈላው። ሰው ለሞተበት የሚናገሩት ቃና ነው።

እጆቼን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና ደቦ ጠርቻለሁ አልሁ።

ነጂብ ወዲያው ገባው፤ ወደ ድስቱ አየና አፉን በእጁ ሸፈነ። ተስፋዬ ያደገው አዲስ አበባ ነው፣ አልገባውም። አስረዳሁት። በእኛ አገር ሥራ የከበደው ሰው ምግብ አዘጋጅቶ ጎረቤት ይጠራል። የበላ ይሠራል። በልቶ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይወራል። በዚህ ጨዋታ ደግሞ አንዱ ተጫዋች ለሌላው ሠራተኛ በስጦታ መላክ ይችላል፤ እኔ አልፈጠርሁትም፣ እዚያው ተጽፏል።

«ጋሼ፣ ሳይነግሩኝ ነው እኮ የበላሁት» አለ ተስፋዬ።

«በላህ ወይስ አልበላህም?» አለው ነጂብ።

«በላሁ።»

«እንግዲያ አካፋህን አንሳ።» ነጂብ ይህን ሲል የራሱን ሠራተኞች ልኮልኝ ነበር።

«እኔ ያቃጠልሁትን እኔው ልጥረግ?»

«አንተማ ከሁሉም ቀድመህ መምጣት ነበረብህ» አልሁት።

ጀማል ጣልቃ ገባ፤ ይህ ቺቲንግ ነው፣ ማጭበርበር ነው አለ። ልጄ የአሜሪካ ልጅ ነው፣ ሕግ ያከብራል፤ በዚህ እኮራበታለሁ። ግን ቦምቡ በሕግ ከተፈቀደ አካፋው የሚከለከልበትን አንቀጽ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። የተስፋዬ ሳህን ላይ ጥቂት ሽምብራ ቀርቶ ነበር፤ ተስፋዬ ሽምብራውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ በረጅሙ ተነፈሰ።

«እሺ፣ ልልክልዎት ነው። ግን ጋሼ፣ ማለቴ፣ ስትድን እንደገና መምታቴ አይቀርም።»

«ምታት። እኔም እንደገና እቀቅላለሁ።»

የሦስታችን ሠራተኞች በአንድ ማሳ ላይ ገጠሙ፤ የእኔ ሰማያዊ፣ የነጂብ ቢጫ ናቸው ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ከተሰጡ በኋላ ሁሉም ሰማያዊ ነው የሚለብሱት። ያቺ አረንጓዴ ብልጭታ በአንዲት ተራ ውስጥ ጠፋች፤ ከሥሯ ስንዴ ወጣ። ተራዬን ለቀቅሁ። ኮምፒውተሩ ሲያስብ ጋራዡ ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ነበር የሚሰማው። ተራዬ ዞሮ መጣ። አንዷ ሰው አለች። በሚቀጥለው ማሳ ደግሞ ሁለት ሆነች።

አመዱ ሁሉ አልጠራም። በምሥራቅ በኩል አንድ ማሳ እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል። ከተማዋ ግን ቆማለች። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁና ጀማልን አየሁት። አንስቶ መዳፌ ላይ መለሰልኝ።

መመለስ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣን። አዲሰን ከመድረሳችን በፊት ነጂብ መስታወቱን አይቶ፣ ከኋላችን ያለችው ነጭ መኪና የጀማል አይደለችም ወይ አለኝ። ነበረች። ፍጥነት ስጨምር ትጨምራለች፣ ስቀንስ ትቀንሳለች። ነጂብን አውርጄ ወደ ስድስት ሠላሳ አምስት ስገባም ተከተለችኝ። ንዴት ያዘኝ፤ ልጠብቅህ ማለቱ ነው፣ ቁልፉን በሌላ መንገድ መውሰዱ ነው ብዬ። በሰዓት ስልሳ አምስት ማይል ነዳሁ። ወላሂ ስልሳ አምስት። ያን ቀን የጠዋቱ ባለጭነት መኪና ቢያየኝ ኮፍያውን ያነሳልኝ ነበር።

ቤቴ በር ላይ ሁለታችንም ቆምን። ወርጄ ቆጣ ብዬ ጠየቅሁት፦ ማን ጠራህ?

«አንተ ነህ እንጂ» አለኝ። «ሁለት እፍኝ በልቻለሁ። ሥራዬን ስጠኝ።»

ዙሪያውን አየሁ። ያጣመምሁት የፖስታ ሳጥን መንገዱ ዳር እንደ ሰካራም ዘንበል ብሎ ቆሟል። በአገጬ አመለከትሁት። ጋራዤ ውስጥ ያለውን አካፋ አመጣ። እሱ ሳጥኑን ቀና አድርጎ ያዘ፤ እኔ አፈር መልሼ በእግሬ ረገጥሁ። ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ያ የምሥራቁ ማሳ ነው አልሁት።

ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ብዙ አይደለም። በእርጅና ላይ ብዙ መማር ለማን ይጠቅማል? ግን አመድ የወረደበት ሰው መጀመሪያ ድስት ይጣድ፤ አልቆልሃል ያለውን ሁሉ ሳይነግረው ያብላው። ከዚያ አካፋውን ያስጨብጠው።

ጀማል ሲሄድ በመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናውን ሳጥኑ ፊት ሳይሆን ራቅ አድርጌ ፓርክ እንዳደርግ ነገረኝ። እሺ አልሁት። ሳጥኑ ፊት ነው ፓርክ የማደርገው።